በመንታዎቹ ሳህን ላይ ያለው ጉድጓድ

ጥቅምት 9

ጠዋት የቴሌስኮፑን ካሜራ የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ ናይትሮጅን ሞላሁ። ካሜራው በቀን ሁለት ጊዜ ካልጠጣ ይሞቃል፣ ከሞቀ ደግሞ የሚያየው የራሱን ትኩሳት ብቻ ነው። የቀኝ እጄ ጓንት አውራ ጣቱ ላይ ከተቀደደ ሦስተኛ ወሩ። ማመልከቻ ጽፌ ነበር፤ እስካሁን ማመልከቻውም ሳይቀደድ አይቀርም።

መቆጣጠሪያ ክፍል አራት ስኒ ተደርድሯል፣ አራቱም ሻግተዋል። አንዱማ ጠጉር አብቅሏል። አጠብኳቸው። እያጠብኩ ተሳደብኩ፣ ተሳድቤ ይቅርታ ለመንኩ፣ ከዚያ ደግሞ ተሳደብኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የሰው ሻጋታ እፍቃለሁ...

ከሰዓት ፕሮፌሰሩ መጡ። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ የሌሊት ሥራ መዝገቤን ገለጡ። ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው፣ ይልሱና ይገልጣሉ፣ ይልሱና ይገልጣሉ። ሲሄዱ የገጾቹን ጠርዝ በጨርቅ ጠረግሁ። ስለ ኮከብ ከሚያውቁት ሩቡን ያህል ስለ መሐረብ ቢያውቁ ምን ነበረበት?

ጥቅምት 10

ዋርሳዬ መጣች። ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆናት፣ እህቷ ግን አሁንም በሳምንት አንድ ቀን ቤቴን ልትመረምር ትመጣለች። ድስቱን ከፍታ አሸተተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ምንም አላለችም። አለማለቷ ነው የሚከፋው።

ሌሊት ሌሊት ምን እንደምናይ ጠየቀችኝ። መንታ ኮከቦች አልኳት። ገና ጨቅላ ናቸው፤ የተወለዱበት አቧራ እንደ ሳህን ሆኖ ከቧቸዋል። አቧራው ብርሃናቸውን ስለሚጋርደው የምናያቸው በሙቀታቸው ነው፣ ኢንፍራሬድ በሚባለው። ችግሩ፣ ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ያበራል። ሰማዩ ያበራል፣ ቴሌስኮፑ ያበራል፣ የእኔ መዳፍ እንኳ ያበራል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮከቡን እናነሳለን። ከዚያ ቴሌስኮፑን ትንሽ ፈቀቅ አድርገን ባዶ ሰማይ እናነሳለን። ሁለተኛውን ፎቶ ከመጀመሪያው እንቀንሳለን፣ የቀረው ኮከቡ ነው።

«ባዶ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» አለች።

ሳቅሁባት። አሁን ሳስበው ምን አሳቀኝ?

ጥቅምት 12

ሌሊቱን ብቻዬን ሠራሁ። መንታዎቹ የተማሪዋ ናቸው፤ የዶክትሬት ሥራዋን በእነሱ ላይ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ግን ከተማ ታስተምራለችና አደራውን ለእኔ ጥላ ወርዳለች። «አባባ ካሉ እኔ ለምን እነቃለሁ» አለችኝ ስትሄድ።

ቴሌስኮፑ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ሲል የካሜራው ገመድ ብሎን ላይ ይያዛል። ሁለት ጊዜ ወጥቼ አላቀቅሁት። ብርድ፣ መሰላል፣ መሰላሉ ላይ ደግሞ የእርግብ ኩስ... በባዶ እጄ ጨበጥኩት። ሦስተኛ አልወጣም አልኩ። ፈቀቅታውን ወደ ሰሜን አደረግሁት። ገመዱ አልተያዘም። ባዶ ሰማይ ያው ባዶ ሰማይ ነው። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ ሽታው አልለቀቀም።

ጥቅምት 13

ዛሬም ወደ ሰሜን። ጸሎቴን ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጥቅምት 14

ያው። የመንታዎቹ ተራ ዛሬ አበቃ። ለኤሌክትሪሻኑ ስለ ገመዱ ነገርኩት። ቶሎ ስለሚቃጠል ፊውዝ ነው የምንለው። እሺ አለ። የእሱን እሺ ለማየት ዕድሜ ይስጠኝ።

ኅዳር 3

ተማሪዋ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ መጣች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሥዕሉን በኮምፒውተር ከፈተችልኝ። ሁለቱ ኮከቦች መሐል ላይ፣ ዙሪያቸውን ሳህኑ፣ ሳህኑ ላይ በአንድ በኩል ጥቁር ጉድጓድ። በዚያ ቦታ ፕላኔት እየተወለደች አቧራውን እየጠረገች ሊሆን ይችላል አለችኝ። በጥቅምት 12፣ 13 እና 14 ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ በፊት ባሉት ሌሊቶች አይታይም፤ ሰማዩ ጥሩ ስላልነበር ነው ትላለች።

«አባባ፣ በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች ወደየት ነበር ፈቀቅ ያሉት?»

ኮምፒውተሩ ይህን አይመዘግብም፤ ቴሌስኮፑ አሮጌ ነው፣ ፈቀቅታው በእጅ ነው። መዝገቡን ከፈትኩ። ገጹ አናት ላይ «ምሥራቅ» ይላል፣ ከሥሩ ሁለት ሁለት ጭረት፣ «እንደ ላይኛው» ማለት ነው፣ እስከ ግርጌ። በጓንት መጻፍ ስለማይመች ዓምዱን ቀደም ብዬ በጭረት እሞላዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው።

«ምሥራቅ» አልኳት።

አመሰገነችኝ። ግንባሬን ስማኝ ሮጠች።

ኅዳር 6

ፕሮፌሰሩ ለሁሉም ሰው «ግኝቴ» ይላሉ። ተማሪዋ አጠገባቸው ቆማለች። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው ለመጣው ጋዜጠኛ ያሳዩዋታል፣ የገዙትን ዕቃ እንደሚያሳይ ሰው። አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭባል። በፊት «የጃጀ» እያሉ የሚያሟቸው ሁሉ ዛሬ ወንበር ይስቡላቸዋል። አንዱ ካፖርታቸውን ያዘ፣ ሌላው ካፖርት የያዘውን ሰው ቦርሳ ያዘ።

ኅዳር 11

ፊውዝ እሺውን በወሩ አመጣት። መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ ገመዱን እያሰረ፣ እንደ ልማዱ ያበሽቀኛል። መነኩሴው ነው የሚለኝ። መነኩሴው እባክህ ጸልይልኝ ስወድቅ ወደ ላይ እንድወድቅ፣ ምናምን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያዘው?» አለ።

«ከጥቅምት አሥራ ሁለት።»

አፌ ነው ያወጣው። ከዚያ ጆሮዬ ሰማው። ጥቅምት 12።

ቤት ሮጥኩ። ይህን ደብተር ከፈትኩ። በእጄ ጽፌዋለሁ... ወደ ሰሜን አደረግሁት። ባዶ ሰማይ ያው ባዶ ሰማይ ነው።

በሰሜን በኩል ካለው «ባዶ» ውስጥ አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ብትኖርስ? ስንቀንስ እሷም ትቀነሳለች። የተቀነሰ ኮከብ ምን ይሆናል? ጥቁር። ሳህኑ ላይ ጥቁር ጉድጓድ።

ፕላኔት የለም። የቆፈርኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 12

እህል አልቀመስኩም። ዳዊት ልደግም ቁጭ አልኩ፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እኔ የለሁም። ስትጠይቀኝ በእውነት ረስቼ ነበር? ወይስ ትንሽ ትዝ ብሎኝ፣ ፊቷን አይቼ፣ ተውኩት? ይህን መለየት አቃተኝ። መለየት አለመቻሌ ራሱ ምን ዓይነት ሰው መሆኔን ይናገራል...

መመረቂያዋን የምትከላከለው ኅዳር 28 ነው።

ኅዳር 14

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባሁ። ቆሜ ነገርኳቸው። ብርቱካን እየላጡ ነበር፣ ልጣጩን የሰው ጥናት ላይ ያስቀምጣሉ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«መዝገቡ ምን ይላል?»

«ምሥራቅ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ውሸታም ነኝ ልትለኝ ነው የመጣኸው?»

«አዎ።»

ሳቁ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይምታታበታል አሉ፣ የእሳቸውም አጎት እንዲሁ ሆነው ነበር አሉ። መዝገብ ምስክር ነው፣ ትዝታ ምስክር አይሆንም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት እንደቀረኝ አስታወሱኝ። ጥሩ ሠራተኛ ማጣት አይፈልጉም፣ ጊዜውን ማራዘም ይቻላል። ይህን እያሉ ጣታቸውን ላሱ። ብርቱካኑ ነው።

የሚያስጠላው እሱ አይደለም። ለአንድ አፍታ፣ እዚያው ቆሜ፣ «ስንት ዓመት ያራዝሙልኝ ይሆን» ብዬ አሰብኩ። እኔ። በቀን ሁለት ጊዜ የምጸልየው ሰው።

ኅዳር 15

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር አንቱ አልለውም። ፊቱ ላይ ግድ ነው፣ እዚህ ግን የራሴ ቤት ነው።

ለዋርሳዬ ነገርኳት። የምጠብቀው ቁጣ ነበር። እሷ ግን ሻዩን እያማሰለች፣ ዝም በል አለችኝ። ልጅቷ ትመረቃለች፣ ሰውየው ይሾማል፣ አንተ ጡረታህን ትበላለህ፣ ማን ተጎዳ? ኮከቡ ፍርድ ቤት ይከስሃል? ሰማንያ ዓመት ብትጠብቅ እዚያ ሄዶ የሚያይ የለም።

ሳቄ መጣ። ከዚያ አስጠላኝ፣ የተናገረችው ሁሉ እውነት ስለሆነ። ማንም ሄዶ አያይም። ለዚህ አይደል እኛን የሚያምኑን?

ኅዳር 18

ተማሪዋ ደወለች። እናቷ ከሩቅ እየመጡ ነው። አዲስ ጫማ ገዝታላቸዋለች፣ ቁጥሩን ከልክ በላይ ወስዳ ይሆን ብላ ተጨነቀች። ለእኔም የፊት ወንበር ይዛለች። «እርስዎ ባይነቁ መች ይገኝ ነበር አባባ» አለች።

ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ።

ኅዳር 21

ነገርኳት።

የቴሌስኮፑ ጉልላት ውስጥ ነበርን፣ ከሰዓት ዘጠኝ ላይ፣ ናይትሮጅን ሞልቼ ስጨርስ። በአፍ ጀመርኩ፣ አልሄድልኝ አለ። ደብተሬን ከደረት ኪሴ አወጣሁና ጥቅምት 12ን ከፍቼ ሰጠኋት። ማንም ነክቶት አያውቅም ይህን ደብተር። የእርግብ ኩሱን አነበበች፣ እጄን መታጠቤን አነበበች። ገጹን አገላበጠች፣ ቀጥሎ ያለውንም አየች፣ ከዚያ መለሰችልኝ።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ በዚያ ንጹሕ ሱሪዋ።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለች።

ካሜራው ላይ ያለው ጉም ቁልቁል እየወረደ እግሯ ሥር ይበተናል። ፕሮፌሰሩ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከሳምንት በፊት ነግሬዋለሁ አልኳት። ፊቷ ያን ጊዜ ነው የተለወጠው። የተቆጣችው በእኔ ብቻ አይደለም። ትናንት አስጠርቷት ንግግሯን በእርማት መልሶላታል፣ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ከሁሉም ቦታ አውጪው ብሏት።

ተነሣች። ሱሪዋን አራገፈች። ዛሬ ሰማዩ እንዴት ነው አለችኝ።

«ጥርት ያለ ነው።»

«አሁን ወጥተው ነው ያዩት?»

አላየሁም ነበር። ወጥቼ አየሁ።

ኅዳር 22

አብረን ሠራን። እኔ ቴሌስኮፑን አንቀሳቅሳለሁ፣ እሷ ወጥታ በዓይኗ አይታ ራሷ ትጽፋለች። በመጀመሪያ ወደ ምሥራቅ። ሳህኑ ሙሉ ነው፣ ጉድጓድ የለም። ቀጥሎ ወደ ሰሜን። ጉድጓዱ መጣ፣ ያው ቁልጭ ብሎ። ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን፣ ግን ጥቂት ራቅ አድርገን።

ጉድጓዱ ተራመደ። ሳህኑን ለቅቆ የሥዕሉ ጠርዝ ላይ ቆመ።

«በእግሩ የሚሄድ ፕላኔት» አለችና ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም።

ሊነጋ ሲል ቴሌስኮፑን በ«ባዶው» ውስጥ ያለችው ኮከብ ላይ አነጣጥረን አነሳናት። ደብዛዛ፣ አሮጌ፣ ከመንታዎቹ እጅግ ወዲያ ያለች። ከእነሱ ጋር ምንም ዝምድና የላትም። አዲስ ነገርም አይደለችም። ዝም ብላ እዚያ የነበረች ኮከብ ናት።

ኅዳር 24

ውጤቱን ይዛ የፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች፣ እኔ ኮሪደር ቆየሁ። በሩ ስስ ነው። ያልጠየቁሽን ለምን ትመልሻለሽ ይላል። ገምጋሚዎቹ ያዩት የጥቅምቱን ነው፣ የኅዳሩን ማን አየው? አራት ቀን ጠብቂ፣ ዲግሪሽን ያዢ፣ ከዚያ በኋላ እርማት ማውጣት ይቻላል። በርጋታ ነው የሚናገረው፣ እንደ አባት። ያ ርጋታው ቆዳዬ ላይ እንደ ቅባት ተለጠፈብኝ።

እሷ የመለሰችው አንድ ነገር ነው። «ስሜ ያለው የእኔ ጽሑፍ ላይ ነው።»

ወጣች። መመረቂያ ጽሑፏን መልሳ ለመውሰድ ማመልከቻ አስገባች። አንድ ዓመት ወደ ኋላ። በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም። ማለቴ፣ አይታኛለች።

ኅዳር 28

ዛሬ ነበር።

እናቷ ቀድመው ተሳፍረው ስለነበር መጥተዋል። ሥራ ቦታዋን ልያት ብለው እስከ ጉልላቱ ወጡ፣ አዲሱን ጫማ አድርገው። ጠቦባቸዋል፣ ያነክሳሉ። ተማሪዋ ማን እንደሆንኩ ነገረቻቸው። ሰላም ልል እጄን ዘረጋሁ። እጄን አዩት፣ ከዚያ ፊቴን።

«ልጄ እኮ ሦስት ዓመት አልተኛችም» አሉኝ።

አልተቆጡም። ሰው እንዲያውቅለት የሚፈልገውን ነገር እንደሚናገር ነው የተናገሩት። አውቃለሁ እናቴ አልኳቸው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጡም፣ ሌላ ቃል ግን አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ 9

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ካዛወሩኝ ሰነበቱ። አምፖል፣ ብሎን፣ የመጸዳጃ ወረቀት። መስኮት የለውም፣ የሆነ ቦታ አይጥ ሞታ ትሸታለች፣ የት እንደሆነች ሦስት ቀን ፈልጌ አላገኘኋትም። ፊውዝ መጥቶ መነኩሴው በመጨረሻ ዋሻውን አገኘ አለኝ። ከዚያ አፍሮ ይሁን አዝኖ፣ አፍንጫውን ይዞ አይጧን ከመደርደሪያው ሥር አወጣልኝ።

ፕሮፌሰሩ ለጋዜጠኛው ስህተቱ በአንድ ሠራተኛ ቸልተኝነት የመጣ መሆኑን ገልጿል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት የሐሰት ቃል የለበትም። ሐሰት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በእሱ አፍ ሲወጣ እውነት እንኳ ይሸታል።

ታኅሣሥ 20

የናይትሮጅኑን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጡት። አዲስ ጓንት ገዝተውለታል። ራሴ ነኝ ፈርሜ ያወጣሁለት።

ጥር 4

ተማሪዋ ግምጃ ቤት መጣች። ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም። ለአዲሱ ሥራዋ የመንታዎቹ ድምቀት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተለዋወጠ ልታጠና ነው። ፎቶዎቹ አሉ። መዝገቦቹ አሉ። መዝገቦቹ በሙሉ የእኔ ናቸው።

«የትኛው ሌሊት እውነት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ» አለች። «ሌላም አለ አይደል?»

የለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ስንት ጊዜ ነው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ልጅ ፊት የሚዋሸው?

«አለ» አልኳት። «ምን ያህል እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ደብተሮቹ አሉ ወይ አለችኝ። አዎ፣ አሥራ አንዱም አሉ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከባለቤቴ ልብሶች ሥር።

ጥር 8

ከመጀመሪያው ዓመት ጀመርን። የምሳ ሰዓት፣ ግምጃ ቤት፣ በሩን ዘግተን። እሷ መዝገቡን ታነባለች፣ እኔ ደብተሬን። ከተስማሙ ምልክት አድርጋ ታልፋለች። ካልተስማሙ በቀይ ትሰርዛለች። የሰው ፊት እያዩ የራስን እጅ ጽሕፈት መስማት... «ነፋስ የለም» ይላል መዝገቡ፣ ደብተሬ ደግሞ ነፋሱ መጋረጃዬን ቀደደው ይላል። «ሙሉ ሌሊት ሠርቻለሁ»፣ ደብተሬ ደግሞ ወንበር ላይ አንቀላፋሁ። ጥቃቅን ናቸው። እንደ ቅማል ጥቃቅን።

እሷ አትቆጣም፣ አትስቅምም። ቀን ትጠራለች፣ እመልሳለሁ።

ጥር 17

እስከ ትናንት አርባ ሦስት ሌሊት ሰርዛለች። ዛሬ አራተኛው ዓመት ላይ ደረስን።

«የካቲት 6። ሰማይ ጥርት ያለ። ነፋስ የለም። ሥራ እስከ ንጋት» ብላ አነበበች። ከሥሩ ፊርማዬ።

ደብተሩን ከፍቼ ጣቴን ቀኑ ላይ አቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ዓመቱን ቆጠረች መሰለኝ፤ ባለቤቴ መቼ እንዳረፈች ታውቃለች።

«ይሄን ዓመት እንዝለለው» አለች። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ባለ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም።

መዝለል ይቻል ነበር። ይሄኛው ያሳዝናል እንጂ አያስጠላም ልልም ነበር። ግን በዚያች ሌሊት ፎቶ ላይ ተማምኖ የሠራ ሰው ይኖር ይሆናል፣ እኔ የማላውቀው፣ ሦስት ዓመት ያልተኛ።

«አይዘለልም ልጄ» አልኳት። አነበብኩ።

«የካቲት 6። ካሜራውን ከፍቼ ተውኩት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሆስፒታል ነኝ። ውሃ ለመነችኝ፣ ከልክለዋታል፣ ከንፈሯን በጥጥ አራስኩላት። መስኮቱ የሚያሳየው ግድግዳ ነው። ሰማዩን አላየሁም።»

ቀዩን እስክሪብቶ አነሣች። ማስመሪያ ፈለገች፣ ከመደርደሪያ አወጣሁላት። ቀስ ብላ፣ ቀጥ አድርጋ ሰረዘችው። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘች ጠበቀች።

«የካቲት 7» አለች።

ገጹን ገለጥኩ።